በእልህ የተጠና ፈተና

መውደቄን ከማወቄ በፊት ተመስግኖልኝ ነበር።

ይህን ለማያውቀን ሰው ሳወራ ግር ይለዋል። እኛ ቤት ግን ልማዱ ይሄ ነው። እናቴ የጸለየችበት ነገር እስኪሆን ድረስ አትጠብቅም። «በእምነት ተቀብለናል» ካለች በቃ፣ ምስጋናው ይቀድማል፣ ነገሩ ቀስ ብሎ ይመጣል። የግቢያችን ቧንቧ ጠብ ሳይል ስለ ውሃው አመስግናለች። ወንድሜ ገና የሚያገባት ሳይኖረው ስለ ሠርጉ አመስግናለች። ውሃውም መጣ፣ ወንድሜም አገባ፤ ስለዚህ ማናችንም የምንከራከርበት አፍ አልነበረንም።

የኔ ተራ የደረሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አንድ የመንግሥት ቢሮ ጥቂት ባለሙያዎችን በፈተና አወዳድሮ እንደሚቀጥር ማስታወቂያ አወጣ። ሒሳብ አያያዝ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ፎቶዬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቆይቷል፤ እኔ ግን ከፎቶው ሥር ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር የምውለው። የፈተናው ዕለት ግቢው ውስጥ ከኔ ጋር የተመረቁት ብቻ ሳይሆኑ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረኝ የኢኮኖሚክስ መምህር ጭምር እርሳስና መታወቂያ ይዞ ተሰልፏል። ሲያየኝ እንዳላየ ሆነ። እኔም አላየሁትም።

ሠርቼ ስወጣ ጥሩ የሠራሁ መሰለኝ። «መሰለኝ» የሚለውን ቃል እናቴ አልሰማችውም። በሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታችን የምስጋና ፕሮግራም ተጠራ። ከቤተ ክርስቲያን የፕላስቲክ ወንበር መጣ፣ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ በሳጥን ገባ፣ የመዘምራኑ ልጅ ኪቦርዱን ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋ። እናቴ ለኛ የምታወራው በአማርኛ ነው፤ የምሯን ስትሆን ግን ከፈጣሪዋ ጋር የምትነጋገረው በአፍ መፍቻዋ፣ በሲዳሙ አፎ ነው። ያን ቀን አንድም የአማርኛ ቃል ሳትቀላቅል ነው የጸለየችው። ውጤቱ ገና አልወጣም።

እዚያ ከነበሩት ሁሉ አንዲቷን ማስተዋወቅ አለብኝ። የእናቴ የጸሎት ቡድን መሪ ናት፤ መሃል ከተማ ላይ የቦርሳና የጫማ ሱቅ አላት። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እላታለሁ፣ ጎንበስ ብዬም ነው የምጨብጣት። እዚህ ግን «እሷ» እላታለሁ። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ይህችን ታህል መብት አለኝ።

እሷ ተነስታ ከፌስታል ውስጥ ጥቁር የትከሻ ቦርሳ አወጣች። ወርቅማ መቆለፊያ አለው፣ ሽታው ገና አዲስ ነው። ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለችልኝና «ቢሮ የሚገባ ሰው ፌስታል አንጠልጥሎ አይሄድም» አለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «እስኪ ሂጂበት፣ እንይሽ!» ተባልኩ። እኔም ከምግብ ጠረጴዛው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ቦርሳዬን ይዤ ተራመድኩ። ዛሬ ያን እርምጃ ሳስበው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ከዚያ ውጤቱ ተለጠፈ። ስሜን ከላይ ወደ ታች ፈለግኩት፣ ከታች ወደ ላይ ደግሜ ፈለግኩት፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ስሜን ተሳስቼ የኖርኩ ይመስል ፊደል በፊደል ፈለግኩት። የለም። የሴትየዋ የእህቷ ልጅ ስም ግን አለ። አብራን እንደተፈተነች እንኳ አላወቅኩም ነበር። ለሷ ማንም አላመሰገነላትም፤ ዝም ብላ አለፈች።

በማግስቱ የጸሎት ቡድኑ ሊያጽናናን መጣ። ያው የፕላስቲክ ወንበር ተመልሶ ከቤተ ክርስቲያን መጣ፣ ያው ሴቶች ተቀመጡበት፤ የዚህኛው ልዩነት ዳቦም ኪቦርድም አለመኖሩ ብቻ ነው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲቀመጡ የሞትኩት እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። አንዷ «ጌታ የተሻለ አለው» አለች። ሌላዋ «ባይሆን ጤና ይስጥሽ» አለች። እሷ ደግሞ ጉልበቴን ይዛ፣ አይን አይኔን እያየች፣ «ልጄ፣ ሁሉም ሰው ለቢሮ አይፈጠርም» አለችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ እሷ በሩ ላይ ቀረች። እናቴን ጠጋ ብላ «ያቺ ቦርሳ እኮ መቼም አልተያዘችም» አለቻት። «የእህቴ ልጅ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፣ ባዶ እጇን ልትገባ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ ከምትቀመጥ ብዬ ነው፤ ለዚችኛዋ ጊዜዋ ሲደርስ ሌላ ይመጣላታል።»

እናቴ ጓዳ ገብታ ቦርሳውን አመጣችው። አቧራ እንኳ ያልነካውን ዕቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ፊቱን ጠረገች፣ ጎኑን ጠረገች፣ መቆለፊያውን ሳይቀር አብሳ በሁለት እጇ ሰጠቻት። «ይቅርታ ያድርጉልን» አለቻት። ምን አጥፍተን ነው ይቅርታ የምንጠይቀው? ያን ቀን ሴትየዋን ጠላኋት። ጥላቻ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፣ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የጠላኋት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ፊት ወንበር መቀመጥ ተወች። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ልጅ የሚያባብሉ እናቶች መሃል ነው የምትቀመጠው። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከፊት የሴትየዋን ማጅራት አያለሁ። መዝሙሩ ሁሉ በዚያ ማጅራት ላይ ነበር የሚያልቅብኝ።

ድጋሚ ለመፈተን ወሰንኩ። መወሰኑ ቀላል ነው፤ ጠዋት መነሳቱ ነው ችግሩ። አንድ ጓደኛዬ ከቴሌግራም የምታወርዳቸውን አነቃቂ ንግግሮች ትልክልኝ ነበር። ጎርነን ያለ ድምፅ፣ ከኋላው ፒያኖ፣ «አንተ ከምታስበው በላይ ነህ!» ይላል። አንተ የሚለው ማንን እንደሆነ እንጃ። ሰምቼው ስጨርስ ለግማሽ ሰዓት ያህል ደስ ይለኛል፣ ከዚያ ተመልሼ እተኛለሁ። ተስፋ እኔን ቀስቅሶኝ አያውቅም። ያቺን ነጠላ፣ ያንን መቆለፊያ፣ «ይቅርታ ያድርጉልን» የሚለውን የእናቴን ድምፅ ሳስብ ግን እንቅልፌ ድራሹ ይጠፋል። ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ መጽሐፍ እገልጣለሁ።

ችግሩ ንዴት ይበርዳል። እንደ ማንኛውም ትኩስ ነገር ካላሞቁት ይበርዳል። ስለዚህ ሴትየዋ ጥቂት ቆይታ «ሥራ ከፈታች እኔ ጋ ትምጣ፣ ሱቅ ውስጥ ትሽጥልኝ» ብላ ስትልክብን እናቴ «እንዲህስ አንዋረድም!» ብላ ስትቆጣ፣ እኔ «እሄዳለሁ» አልኩ። እናቴ የምናገረውን ማመን አቃታት። እንዳይበርድብኝ ፈርቼ ነው ብዬ እንዴት ልንገራት?

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ቦርሳዎቹ እንዳይጨማደዱ ሆዳቸው ወረቀት ተሞልቶ ከጣሪያው ይንጠለጠላሉ፣ ጫማዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ይደረደራሉ። ከሰዓት በኋላ የሐዋሳ ሙቀት ሲከብድ የማጣበቂያው ሽታ ራስ ያዞራል። በመጀመሪያው ቀን ለገባው ደንበኛ ሁሉ «ዲግሪ ያላት ሻጭ ነው ያመጣሁት!» አለች። እኔ ልታሳፍረኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ለካ ለዋጋ ነው። ሴት ደንበኛ ቦርሳ ይዛ ስትከራከራት «ኧረ ለዲግሪዋ ስትይ ጨምሪ! አራት ዓመት ተምራ ነው እኮ የምትሸጥልሽ» ትላታለች። ደንበኛዋም እኔን ከእግር እስከ ራሴ አይታኝ፣ ከንፈሯን ትመጥና ትጨምራለች። በዲግሪዬ የተጨመረውን ብር ሴትየዋ ትወስደዋለች፣ ከንፈር መጠጣውን እኔ እወስዳለሁ።

የእህቷ ልጅ በየጠዋቱ በሱቁ ፊት ለፊት ባጃጅ ትይዛለች። ቦርሳዬ ትከሻዋ ላይ ነው። ልጅቷ ምንም አላደረገችኝም፣ ሰላም ትለኛለች፣ እኔም ሰላም እላታለሁ። አይኔ ግን ቦርሳው ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ስሠራ ያወቅኩት አንድ ምስጢር አለ፤ ያ ቦርሳ «ኦርጅናል ሌዘር» ተብሎ ይሸጥ እንጂ ቆዳ በአጠገቡ አላለፈም። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ማጠፊያው ላይ ይላላጣል። ክረምቱን በሙሉ እጀታውን እያየሁ ጠበቅኩ። መስከረም አካባቢ ከትከሻዋ ጋር በሚነካካበት በኩል ነጭ ነጭ ማለት ጀመረ። ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ገበያ ሲቀዘቅዝ ከተንጠለጠሉት ቦርሳዎች ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አጠናለሁ። የመንግሥት ሠራተኞችን አዋጅ፣ የግዥ መመሪያ፣ የፋይናንስ ደንብ። ደረቅ ነገር ነው፤ ባለፈው ጊዜ የጣለኝም ይሄው ነው፣ ሳነበው ከአንዱ አንቀጽ ወደ ሌላው ሳልሻገር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ዘዴ አገኘሁ። እያንዳንዱን አንቀጽ በሴትየዋ ድምፅ ማንበብ ጀመርኩ። በዚያ በለስላሳው፣ ጉልበት ይዞ በሚናገረው ድምፅ። «ልጄ፣ ግዥ ሲፈጸም ግልጽ ጨረታ ቅድሚያ ይሰጠዋል።» እንቅልፍ የት አባቱ! ደሜ እየፈላ አንድም ንዑስ አንቀጽ አላመለጠኝም። ስለ ዲሲፕሊን ቅጣት የሚናገረውን ክፍል ደግሞ በራሴ ድምፅ ነበር የማነበው፤ ተከሳሿ እሷ ናት። አንድ ቀን በቃል ማስጠንቀቂያ አልፋታለሁ፣ ሌላ ቀን ደመወዟን እቀጣታለሁ፣ ቀኑ የከፋ ከሆነ ከሥራ አሰናብታታለሁ። ይግባኟን ሁሌም ውድቅ አደርገዋለሁ።

አንዳንዴ ጮክ ብዬ ሳነብ ትሰማኛለች። «አንባቢዋ! ደንበኛ ቆሟል!» ትላለች። ተነስቼ እሸጣለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አምፖሉ ሲቃጠል በኔ በኩል ያለውን አስቀየረች፤ ለቦርሳዎቹ ብላ ነው። አሁንም ለቦርሳዎቹ ነው እላለሁ።

ማስታወቂያው በዓመቱ ዳግም ወጣ። የተመዘገብኩት ለማንም ሳልናገር ነው። ለእናቴም ጭምር፤ ብነግራት የፕላስቲክ ወንበር ልታስመጣ ነው። የፈተናው ጠዋት ሱቅ ሄጄ «እትዬ፣ ጥርሴን አሞኝ ሐኪም ላሳይ ነበር» አልኩ። ከጫማ ሳጥኖቹ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። «ሂጂ» አለች፤ «በደንብ ይዩልሽ።»

ወረቀቱ ፊቴ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩት፣ አልገባኝም፤ ደግሜ አነበብኩት፣ አሁንም አልገባኝም። ጎኔ ያለው ልጅ ገጽ ገለበጠ። እንደገና ልወድቅ ነው አልኩ። እናቴ ከመጨረሻው ረድፍ ወዴት ልትሄድ ነው? ከዚያ ወዲያ ያለው ደጅ ነው። ያኔ አይኔን ጨፈንኩና ሴትየዋን ጠራኋት። ጉልበቴን ያዘች፣ «ልጄ፣ ሁሉም ሰው ለቢሮ አይፈጠርም» አለችኝ። አይኔን ስገልጥ ጥያቄው በአማርኛ የተጻፈ ተራ ጥያቄ ነው። ከዲሲፕሊን ክፍል የመጡትን ደግሞ ፈገግ እያልኩ ነበር የሠራኋቸው፤ ፈታኙ ኮረጀች ብሎ ነው መሰለኝ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ መሃል ያሉት መነጽር ያደረጉ አባት «ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?» አሉኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ሴትዮን ድብን ለማድረግ ነው ጌታዬ። «ሕዝብን በቅንነት ለማገልገል» አልኩ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉት።

አለፍኩ። ስሜ ከላይ ካሉት መሃል ነበር። ከማስታወቂያ ሰሌዳው ወደ ቤት አልሄድኩም፤ ቀጥ ብዬ ሱቅ ሄድኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁት አረፍተ ነገር ነበረኝ። ገላዬን ስታጠብ ስለማመደው፣ ባጃጅ ውስጥ ስለማመደው፣ ቃሉን ሳስረዝም ሳሳጥር የከረምኩበት ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች አሉ፣ ጎረቤት ባለሱቆችም በሩ ላይ ቆመዋል። ይሻላል፣ ሁሉም ይስማ።

«እትዬ» አልኳት፣ «ፈተናውን አልፌያለሁ። ከነገ ጀምሮ አልመጣም። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ሰው ለሱቅ አይፈጠርም።»

ፊቷን እያየሁ ነው፤ ሲጠቁር ለማየት ነው ዓመት ሙሉ የኖርኩት። አልጠቆረም። እጇን አጨበጨበች፣ አንድ ጊዜ እልል አለች፣ ከዚያ እኔን ሳይሆን በሩ ላይ ያሉትን ዞራ «አላልኳችሁም?» አለች። «እኔ አላልኳችሁም? ይቺን ልጅ እልህ ካላስገቧት አትነሳም አላልኳችሁም? ቦርሳውን የወሰድኩት ለምን መሰላችሁ! ጥርሴን አሞኛል ብላ ስትወጣ ያላወቅኩ መስሏታል እኮ፤ ጥርሷ እንደ በቆሎ ነው!»

ባለሱቆቹ ተሳሳቁ። የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰውዬ ገብቶ ጨበጣት፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልፋትሽ አልቀረም» አላት። የእጅ ሰዓት የምትሸጠው ጎረቤት ሮጣ መጥታ ሳመቻት። ደንበኞቹም «እንዲህ ያለ አሠሪ የት ይገኛል» አሉ። እኔ ከቦርሳዎቹ ሥር ቆሜያለሁ። ማንም አልጨበጠኝም። «ውሸት ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ አስረዳለሁ? እውነትም ቢሆን ውሸትም ቢሆን ማን ያውቃል? እልህ ውስጥ መግባቴን አልክድ፣ ያስገባችኝ እሷ መሆኗን አልክድ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ዱላ ይዤ ሄጄ ዱላውን ተቀብላኝ ምርኩዝ አደረገችው።

ቤት ደርሼ ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ በሲዳሙ አፎ ረጅም ነገር ተናገረች፣ በመጨረሻ ስለ ሴትየዋ ያልኩትን ሰምታ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ውሸቷን ነው?» አለችኝ።

«እማ! በነጠላሽ እኮ ነው ያስጠረገችሽ!»

«ማን አስጠረገኝ? ራሴ ነኝ የጠረግኩት» አለች። «ደግሞስ ያለፈው ዓመት ምስጋና ይሄው ደረሰ አይደል? ምስጋናውማ በጊዜው ተደርጓል፤ የዘገየው ቢሮው ነው።»

እሑድ ዕለት ፊት ወንበር ላይ፣ ከሴትየዋ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱ ነጠላቸው ተነካክቶ አንድ መዝሙር መጽሐፍ ይዘው ዘመሩ። ያ ሁሉ ለዚህ ነበር፤ እናቴን ከበሩ አጠገብ አንስቼ ፊት ለማስቀመጥ ነበር። ተሳካልኝ። ለምን እንደማልደሰት ግን ገርሞኝ ከኋላ ሆኜ ሁለት ማጅራት አየሁ።

ሥራ ጀመርኩ። ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ኮምፒውተር ተሰጠኝ፣ መስኮቱ ወደ ዋርካዎቹ ነው የሚያሳየው። ሰዉ ጥሩ ነው። የሴትየዋ የእህት ልጅ ሳትቀር ካፌውን አሳየችኝ፣ ከማን ጋር ምን እንደሚወራ መከረችኝ፤ ለክፋት የምትመች አይደለችም። ጠዋት ጠዋት ግን መነሳት አቃተኝ። ብርድ ልብሱ ከበደኝ። ሴትየዋን ልጥራት እላለሁ፣ ስትመጣ እያጨበጨበች ነው የምትመጣው፤ ንዴቴ ደሙ አልቆበታል። እናቴ «ሰላም ሲሆን ሰው ይተኛል፣ ጥሩ ነው» ትለኛለች። እኔ ግን እያረጀሁ ያለሁ መሰለኝ። መጽሐፍ ስገልጥ ፊደሉ ዝም ይላል።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ቢሮው ውስጥ የደረጃ እድገት ፈተና እንደሚኖር ተወራ። ለአዲስ ሠራተኛ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለቀጣዩ ምን እንደሚነበብ ለመጠየቅ ብዬ ብቻ ወደ ክፍል ኃላፊዬ ገባሁ። ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና አላለም። ጥያቄዬን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም።

«እህቴ» አለኝ፣ «ያ ላንቺ የሚሆን ቦታ አይደለም። እዚያ የሚደርሱት ጭንቅላት ያላቸው ናቸው። በተሰጠሽ ተመስገን ብለሽ ተቀመጪ።»

ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ አንገቴ፣ ከዚያ ደረቴ። እጄ የበሩን እጀታ እንደያዘ ፊቱን በደንብ አየሁት፤ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን፣ «ተመስገን» ሲል አገጩ የሚያደርገውን ነገር። ድምፁንም ያዝኩት። ለረጃጅም አንቀጾች የሚሆን፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ነው።

«አመሰግናለሁ» አልኩት። ከልቤ ነው ያመሰገንኩት።